አንድ ኮንቴይነር ማሾና ሁለት ገበያዎች

በግንቦት 2013 ዓ.ም. የህንድ መንግሥት ማሾ የተባለው ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ አገሩ እንዲገባ ሲወስን፣ እኔ በኮምቦልቻ ዓመታት እህል የነገድሁ፣ ነገር ግን አንድ ኩንታል እንኳ በራሴ ስም ወደ ውጭ ልኬ የማላውቅ ነጋዴ ነበርሁ። ያን ዜና እንደ ሰማሁ የላኪነት ፈቃድ አወጣሁ። ማሾ የሚያመርቱት ቃሉና ጨፋ ከደጃችን ናቸው፤ የጅቡቲ መንገድም በባቲና በሚሌ በኩል ይወጣል። የቀረኝ ገዢ ማግኘት ብቻ መስሎኝ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰና ከተማውን ለቅቀን ወጣን። በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ መጋዘኔ ውስጥ የጠበቀኝ ባዶ ጆንያ ነበር። ከዘመድ ተበድሬ እንደገና ገዛሁ፣ አስለቀምሁ፣ በሃምሳ ኪሎ ጆንያ 240 ኩንታል አዘጋጀሁ፤ ይህም የአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ጭነት ነው። ዕቃው ገና ኮምቦልቻ ሳለ፣ በየካቲት 4 ቀን፣ ህንድ ማሾ በልዩ ፈቃድ ብቻ እንዲገባ ወሰነች። የሙምባዩ ገዢዬም ውሉን አፈረሰ። ክፍያው የጭነት ሰነድ ሲቀርብ ብቻ የሚፈጸም፣ ኤል ሲም፣ ማለትም የገዢው ባንክ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ የሌለው ስምምነት ስለ ነበር የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ያን ጊዜ ተቀምጬ ያጠናሁት ነገር አስቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ ነው። ህንድ ራሷ በዓለም ቀዳሚዋ የማሾ አምራች ናት፤ ከውጭ የምትገዛው የራሷ ምርት ሲያንስና ዋጋው ሕዝቧን ሲያስቸግር ነው። ዋናው ምርቷ፣ በተለይ የራጃስታኑ፣ በመስከረምና በጥቅምት ስለሚሰበሰብ የእኛ የመኸር ማሾ ጅቡቲ የሚደርሰው የእነርሱ ጎተራ በሞላበት ሰሞን ነው። በመሆኑም ለዚያ ገበያ የላክነው ማሾ ጨመረ ወይም ቀነሰ ሲባል፣ ቁጥሩ የቃሉን ገበሬ ትጋት ብቻ አይናገርም፤ የራጃስታንን ዝናብና የኒው ዴልሂን ውሳኔም ይናገራል። ይህን ሳይመለከቱ ገበሬውን ወይም ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሾውን በመጨረሻ የገዛኝ ኢንዶኔዥያዊ ነው፤ ዋጋው ግን ካሰብሁት ያነሰ ነበር። እዚያ ማሾ በቡቃያነት በብዛት ስለሚበላ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ መጠኑንና ንጽሕናውን ሳይሆን የመብቀል ኃይሉን የሚመለከት ሆነ። መቶ ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልዬ መስኮት ሥር አኖርሁ፤ በሦስተኛው ቀን ስፈታው ሰማንያ ስድስቱ ነጭ ጅራት አውጥተዋል። ካልበቀሉት መካከል የሚበዙት ነቀዝ የበሳቸው ነበሩ። አንድ አረጋዊ ነጋዴ ፍሬውን በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ቅርፊቱ ላይ የተለጠፈች፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህች እንቁላል ናት፤ ማሾ ነቀዙን ከማሳ ይዞ ነው የሚመጣው» አሉኝ። እኔ የነቀዝ ጭስ መድኃኒቱን የማስጨሰው ጆንያው ተደርድሮ ካለቀ በኋላ፣ እህሉ መታጠኑን ለሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ስል ነበር። አሁን እህሉ መጋዘን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አስጨሳለሁ፤ ከመጫኑ በፊትም እደግመዋለሁ።

ዛሬ ውል ስዋዋል በገዢው አገር ፈቃድ ቢከለከል ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አጽፋለሁ፤ ኤል ሲ ሳይከፈትም ጭነት አላንቀሳቅስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚገኘው ገቢ ከፍ ብሏል፤ ሆኖም የምንዛሪው ለውጥ የተዘጋ በር አይከፍትም፣ ነቀዝም አያጠፋም። ከአዲሱ የቃሉ ማሾ ትናንት ሁለት ናሙና ወስጃለሁ፤ ነጠላው እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ነው፣ የምፈታውም ከነገ ወዲያ ነው።