ያልተደረሰበት

እነ ባለቤቴ ክርስትና ሄደዋል። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አይባልም። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ሰዓቱን ወደ ኋላ ካዞሩት ወዲህ ደግሞ ለንደን ሳይነጋ ይመሻል።

ነገሩ ከዓርብ የተረፈ ነው። መሥሪያ ቤት ጠሩኝና 15 ዓመት ስላገለገልክ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ሳየው በ«ሚስተር» የሚጀምረው ስም የእኔ አይደለም፣ የአባቴ ነው። ያውም ፊደሉ ተዛብቶ። እንግዲህ ከደሴ ወዲህ ማዶ ያልተሻገረው አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 15 ዓመት ሙሉ ለንደን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ተመስግኗል። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ሄደና የቀረው ነገር እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ፓራሲታሞል ፍለጋ የላይኛውን ቁም ሣጥን ስከፍት እጄ የኒዶ ጣሳው ላይ አረፈ። ጣሳውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የማታውቁት፣ ብታውቁም ለእሷ አትንገሩ።

ስድስት ናቸው። ስድስቱም የረጅም አገልግሎት ሜዳሊያ። የጀግና አንድም የለኝም። የጀግና ሜዳሊያ የሀብታም ነው፤ አንድ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ የእንግሊዝ ትልቁ የጀግና ሜዳሊያ፣ ቤት ይገዛል። የረጅም አገልግሎቱን ግን ማን ይፈልገዋል? በጨረታ ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ከታች፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ተዳብሎ ይቀመጣል። ምን አደረገ? ምንም። ቆየ፣ አልጠፋም፣ አላጠፋም። ለእኔ ቢጤ የተሠራ ሜዳሊያ ቢኖር ይኸው ነው።

ከስድስቱ የምወደውን አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግሁት። ክብ ብር ነው፣ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር። በፊቱ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል የለበትም፤ ያን ጊዜ የነበረው የጦር መሣሪያ ክምር ነው፣ የንጉሥ መልክ የገባው ከ1901 ወዲህ ነው (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ጀርባው ላይ «ለረጅም አገልግሎትና ለመልካም ጠባይ» ይላል። የጀመረው የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም አራተኛ በ1830 ነው። እግረኛ 21 ዓመት፣ ፈረሰኛ 24 ዓመት ማገልገል ነበረበት። ፈረሰኛው ሦስት ዓመት የተጨመረበት ለምን እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር ጥፋቱ የፈረሱ ይመስለኛል። በ1870 ወደ 18 ዓመት ወረደ። ዛሬ 15 ነው። አዎ፣ 15። እኔም ቆጥሬዋለሁ።

ደግሞ የተራው ወታደር ነበር እንጂ የመኮንን አልነበረም። መኮንኖች በሙሉ ያለ ልዩነት የተፈቀደላቸው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የመኮንን ጠባይ መልካም መሆኑ ያለ ማስረጃ የታመነ ነበር ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ጠርዙ ላይ ነው። የሰውየው መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ ክፍለ ጦር፣ ፊደል በፊደል። ይሄ ነው የያዘኝ። ስሙ ካለ ሰውየው ይገኛል። ከመሬት ውስጥ ባቡር ወርጄ ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስገባ፣ ቦርሳዬን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳሴን ይዤ ስቀመጥ፣ ሰው እንደሚጠብቀኝ ሆኖ ይሰማኛል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ፋይል ከግማሽ የሚበልጠው በ1940 የጀርመን ቦምብ ለንደን ላይ ሲወድቅ ተቃጥሏል። የእኔ ሰውዬ ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ እሳቱ አላገኘውም። የስንብት ወረቀቱን በእጄ ይዣለሁ።

ስሙን አልጽፍም። የልጅ ልጆቹ የት እንዳሉ ማን ያውቃል። ዓይኑ ግራጫ፣ ጸጉሩ ቡናማ፣ ቁመቱ ከእኔ ያንሳል (ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም)። ሲቀጠር ሥራው የቀን ሠራተኛ። ፊርማው ቦታ ላይ የመስቀል ምልክት። ሲሰናበት ግን ስሙን ራሱ ጽፏል፤ ተንቀጥቅጦ ቢሆንም። እስኪሰናበት ባገለገለበት 21 ዓመት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ማንበብ የተማረ ሰው ነው። ክንዱ ላይ የመልካም ጠባይ ምልክት ነበረው፣ ያቺ የተገለበጠች ቪ፤ ለአንዷ በቀን አንድ ፔኒ ይታሰብ ነበር። መልካም ጠባይ ዋጋው ተቆርጦ የተቀመጠበት አገር።

እማዬ ለጥየቃ የመጣች ጊዜ ጣሳውን ከእኔ ቀድማ አገኘችው። ከሥራ ስመለስ ይህን ሜዳሊያ በሎሚና በጥርስ ሳሙና ፈትጋ እንደ አዲስ ጻህል አብርታው ጠበቀችኝ። ሜዳሊያ አይወለወልም፤ ሰብሳቢ ሲያይ ዋጋውን በግማሽ ይቀንሳል። ምን ልበላት? «ብር እንዲህ ይጠቁራል ልጄ? ነውር አይደለም?» አለችኝ።

«የማን ነው?»

«የእንግሊዝ ወታደር።»

«ምን አድርጎ ሸለሙት?»

«18 ዓመት ሳያጠፋ ቆይቶ።»

አየችኝ። «18 ዓመት ሳያጠፋ? ሚስቱን ጠይቀሃታል?»

የእንግሊዝ ወታደሮች ራሳቸው የሚቀልዱት ቀልድ ከእማዬ የራቀ አይደለም። ሜዳሊያውን «ያልተደረሰበት የ18 ዓመት ወንጀል» ይሉታል። አጠፋ አላጠፋ ሳይሆን ተያዘ አልተያዘም ነው ጉዳዩ።

ይህን ሳስብ ነው የስንብት ወረቀቱን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ እንደገና ማንበብ የጀመርኩት። በውጭ አገር ያገለገለበት ይልና ይዘረዝራል። ህንድ፣ ይህን ያህል ዓመት። ከሥሩ አንድ መስመር፦ አቢሲኒያ፣ 7/12። የወር አጻጻፋቸው እንዲህ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰባት ማለት ሰባት ወር። ክፍለ ጦሩ 33ኛው እግረኛ። በ1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ የመቅደላን በር መጀመሪያ ያለፈው 33ኛው ነው። ማግነርና በርጂን የተባሉት ሁለቱ ወታደሮቹ በዚያ ቪክቶሪያ ክሮስ አግኝተዋል። በነገራችን ላይ የቪክቶሪያ ክሮስ ጥብጣብና የእኔ ሰውዬ ጥብጣብ ያን ጊዜ ሁለቱም ድፍን ቀይ ነበሩ። ሰው ከሩቅ እያምታታ ቢያስቸግር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቆየው ሰው ነጭ ጠርዝ ጨመሩለት። ከጀግና እንዳይመሳሰል።

ስገዛው አላወቅሁም ነበር። ወረቀቱን ኪው ሳነብ ነው ያወቅሁት። ከዚያች ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር ያለኝ ነገር እንደ ጎረቤት ጠብ ሆኗል፤ አልዘጋውም፣ አልስመውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጥፋቱ ዝርዝር ነው። በክፍለ ጦሩ የጥፋተኞች መዝገብ ስሙ ሦስት ጊዜ ገብቷል ይላል፤ ሁሉም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሰክሮ መገኘት። ያለ ፈቃድ መቅረት። ሦስተኛዋ፣ የመንግሥት ዕቃውን አሳልፎ መሸጥ። ሸሚዝ ይሁን ብሩሽ አይታወቅም፤ ሸጦ ጠጥቶበታል። ተቀጥቷል፣ ተጽፏል፣ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ እጅ ደርሷል።

አቢሲኒያ ባለበት መስመር አጠገብ ምንም ጥፋት የለም። ከመቅደላ የተዘረፈው 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ጭኖት ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያ ሁለት ቀን ጨረታ ሆነ። ብራናው፣ ጽዋው፣ መስቀሉ፣ ጥላው። 5,000 ፓውንድ ተሰበሰበ፣ ለየወታደሩ ተከፋፈለ፣ ለአንዱ አራት ዶላር እንዳለፈ ይደርሳል። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው እዚያው ቆሞ ይጫረት ነበር። የተወሰደው ታቦት ዛሬ ከዚህ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ቀልዱ ትክክል አይደለም። ያልተደረሰበት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ አጫራች ቆሞ፣ በደረሰኝ። የራሱን ሸሚዝ የሸጠ ጊዜ ጥፋተኛ ነው፤ የሰው ቤተ ክርስቲያን በተሸጠ ጊዜ ድርሻውን ተቀብሎ ጠባዩ መልካም ነው። ሸሚዙ የንግሥቲቱ ነበራ።

እሱ ራሱ ከዚያ ምን ይዞ እንደወጣ አላውቅም። ምናልባት አራት ዶላሩን ብቻ። ምናልባት እሱንም ጠጥቶበታል። ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ እስከ መቅደላ ተራራውን በእግሩ የወጣ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ስሙን መጻፍ የማይችል የቀን ሠራተኛ ነው። አባቴን የሚመስልበት ጊዜ አለ። ይህን ስጽፍ እጄ ያዝ አደረገኝ፣ ግን ይመስላል።

የመቅደላ ሜዳሊያውም ነበረው፣ ወረቀቱ ይመሰክራል። ጣሳዬ ውስጥ ግን የለም፤ ሁለቱን ለያይተው ሸጠዋቸዋል። አንድ ጊዜ የሌላ ወታደር አይቻለሁ። ከሌሎቹ ሜዳሊያዎች ያንሳል፣ ያምራልም፣ እውነቱን ለመናገር። ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ መሃል ንግሥቲቱ አለች፤ በጫፎቹ መካከል አቢሲኒያ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዘጠኝ ፊደሎች አንድ አንድ እየሆኑ ገብተዋል። የወታደሩ ስም እንደ ሌላው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ ጎልቶ ወጥቶ ይነበባል። ሻጩ «ያዘው፣ ያዘው» አለኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እጄ ላይ ያለውን ቀስ ብሎ መልሶ ወሰደ።

መቅደላን አልገዛም ብዬ ምያለሁ። ይሁን እንጂ የእኔ ሰውዬ ስም ያለበት ለጨረታ ሲወጣ መልእክት እንዲደርሰኝ ስልኬ ላይ ካስመዘገብኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በምን ገንዘብ? ደግሞስ ለምን? አገሩ ላስገባው ነው? ወይስ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ጥንድ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል ብዬ? የመጨረሻው ሐሳብ መጣብኝ እንጂ አልጠራሁትም።

በሩ ተከፈተ። ጣሳውን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም፤ ሜዳሊያው ግን ኪሴ ውስጥ ነው የቀረው፣ አሁን ስጽፍም እዚያው አለ።

«ራስህን ተሻለህ?» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች።

«ትንሽ።»

«መድኃኒት ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

የክርስትናውን ድፎ ዳቦ በፌስታል አምጥታልኛለች። የታመመ ሰው አለ ብላ ትልቁን አስቆርጣልኛለች።