ሰኔ 30፣ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ

አካውንቲንግ ተመርቄ ሲቪ ይዤ ስዞር ሐሳቤ ሁሉ ባንክ ላይ ነበር። የጠራኝ ግን አንድ ትንሽ የኦዲት ቢሮ ነው። ደሞዙን ለእናቴ ስነግራት "ለታክሲውስ ይበቃሃል?" አለችኝ። ስድስት ወር ሠርቼ እወጣለሁ ብዬ ገባሁ፤ ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

መጀመሪያ የሚሰጥህ ቫውቸር፣ ማለትም የክፍያ ሰነድ፣ ነው። ቦክስ ፋይል ተከምሮ ይጠብቅሃል፤ ደረሰኙን ከክፍያው፣ ክፍያውን ከፒችትሪው (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) እያመሳከርክ ትውላለህ። ይሰለቻል፣ አልዋሽም።

ሥራው የገባኝ ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የደንበኛ ሁሉ የዕቃ ቆጠራ አንድ ሰሞን ላይ ይወድቃል፣ ሰው አይበቃም፣ እኔንም ብቻዬን ቃሊቲ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ላኩኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ቀለም በጣሳ፣ ሚስማር በካርቶን፣ ቆርቆሮ በቁጥር፤ ሁሉም የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ ጋር ልክ መጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ።

በኋላ ሲኒየሬ፣ ሥራዬን የምታየው የበላይ ኦዲተር፣ ወረቀቴን አገላብጣ "ቆጠራው ሲጀመር የመጨረሻው ዕቃ ማውጫ ቫውቸር ቁጥሩ ስንት ነበር?" አለችኝ። አልጻፍኩትም። ያኔ ነው አንድ አይሱዙ ቆርቆሮ ጭኖ በር ላይ ቆሞ እንደነበር ትዝ ያለኝ፣ ሹፌሩ ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ እየጠጣ። ለካ ካርዱ ላይ ሰኔ 30 ወጪ ተደርጓል፣ ሽያጩ የተመዘገበው ግን ሐምሌ 2 ነው። በዓመቱ ሂሳብ ውስጥ ዕቃውም የለ፣ ሽያጩም የለ። ከዚያ ወዲህ መጋዘን ስገባ ከቆጠራ በፊት የቫውቸር ቁጥር እጽፋለሁ፤ በር ላይ መኪና ካለ ታርጋውንም።

በዓል ለሚወድ ሰው ይህ ሥራ አይመችም። ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለባቸው እንቁጣጣሽና መስቀል ሰሞን ደንበኛ ቢሮ ነህ።

ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ የጀመርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ፈተናው 13 ነው፣ በዲግሪህ የሚቀነስልህ አለ። ከፈተናው ሌላ ግን የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ያንንም የሚያውቅህ ባለሙያ መፈረም አለበት። እኔ "ሲኒየሬ አለችልኝ" ብዬ ሳላስፈርም ቆየሁ። ሲኒየሬ ዱባይ ሥራ አገኘችና ሄደች። በቴሌግራም ስለምናት "የመጨረሻው የቫውቸር ቁጥርስ?" ብላ ሳቀችብኝ። ፈረመችልኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ። አሁን ከሥሬ ላሉት ጁኒየሮች ሳይጠይቁኝ እፈርማለሁ።