አባ ሰላማ በክረምት

ዛሬ ሐምሌ 26 ነው። የአረጋዊው ዮሴፍ የዕረፍት ቀን እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም የሚታሰበው ዛሬ ነው። እሱን ግን ቀኑን ሙሉ ያነሳልኝ ሰው የለም።

በቅዱሳን ቀን የምንኖር ሰዎች ነን። ዕዳ "ለሚካኤል እሰጥሃለሁ" ይባላል። እናቴም ቀጠሮዋ ሁሉ "ከማርያም በኋላ" ነው። በአባ ሰላማ ቀን ቀጠሮ የያዘ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ማታ ታሪኩን ለእናቴ ነገርኳት። አባ ሰላማ የቀድሞ ስሙ ፍሬምናጦስ ነው፤ የጢሮስ ልጅ ነው፣ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ያለችው ከተማ። ከወንድሙ ከኤድስዮስና ከዘመዳቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ ሲመለሱ ቀይ ባሕር ዳር ላይ ጥቃት ደረሰባቸው። ሁለቱ ልጆች ሲተርፉ ሌሎቹ ተገደሉ። አክሱም ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ። ንጉሡ ሲሞት ወራሹ ገና ልጅ ስለነበር ንግሥቲቱ "አትሂዱብኝ፣ አግዙኝ" ብላ ለመነቻቸው። ያ ልጅ ኢዛና ነው ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 4 የምታስባቸው አብርሃና አጽብሃም ኢዛናና ወንድሙ ሳይዛና ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ልጁ ሲነግሥ ወንድማማቾቹ ተሰናበቱ። ኤድስዮስ አገሩ ገባ፤ ማን ይፈርድበታል? ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ የዚያን ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስን "ለእነዚህ ሰዎች ጳጳስ ላክላቸው" አለው። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ከየት አመጣለሁ ብሎ ፍሬምናጦስን እራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ መለሰው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። መጀመሪያ ተይዞ የገባበት አገር፣ ሁለተኛ በእግሩ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው በኢዛና ሳንቲሞች ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል የወጣው። ፍሬምናጦስም ዝም ተብሎ አልተተወም። እ.ኤ.አ. በ356 አካባቢ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት፣ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ "ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ፣ ሃይማኖቱ ይመርመር" ብሎ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ ጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ወልድን ፍጡር ነው የሚሉት የአርዮሳውያን ወገን፣ የአትናቴዎስም ጠላት ነበር።

እናቴ "ታዲያ ይሄን ያህል ሰው ሆኖ በዓሉ ለምን ጭር አለ?" አለች። ቀጥላም ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ጣለችው። እኔ አልተዋጠልኝም። ሐምሌ 19 ዝናብ ነው፣ ቁልቢ ግን በሰው ይጥለቀለቃል። ገብርኤል ከእሳት ያወጣል፣ ጊዮርጊስ ዘንዶ ይገድላል። ለጭንቅ ቀን የሚጠሩ ናቸው። የአባ ሰላማ ሥራ ግን ማስተማር፣ ማጥመቅ፣ ቄስ መሾም ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ስለት አንሳልም።

"ስለት ባይኖር ዝክር ይኖራል" አለች እናቴ። ከዚያ ፍልሰታ ሳይገባ ሽሮ ማስፈጨት አለብን ብላ ወሬውን ቀየረች።