ደሴን በእግር፦ ዳገቱን ማስቀደም ነበረብኝ

የአክስቴ ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። «ያረጀውን ደሴ በእግር ታሳየናለህ» አለችኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ እሺ አልኩ።

ከበደኝ።

መጀመሪያ መንገዱን በዘመን ቅደም ተከተል አወጣሁት። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። አፄ ዮሐንስ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» አሉት ከሚባለው እጀምራለሁ፤ ቀጥሎ ንጉሥ ሚካኤል፣ ቀጥሎ ጣሊያን። ደሴ ግን ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። ለአንዱ ዘመን ትወጣለህ፣ ለሌላው ትወርዳለህ፣ ለሦስተኛው ያንኑ ዳገት ትደግመዋለህ። እንግዶቹ ሳይመጡ ብቻዬን ስሞክረው ጉልበቴ ከዳኝ።

በዚያ ላይ የሞከርኩት ሰኞ ነው። ደሴ አድጎ፣ በሰኞ ቀን ሰኞ ገበያን ሰንጥቄ አልፋለሁ የሚል ሰው ምን ይባላል? በግ የሚጎትት፣ ጆንያ የተሸከመ፣ ጥሩምባ የሚነፋ ባጃጅ። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።

ስለዚህ ዘመኑን ትቼ እግሬን ተከተልኩ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ትንፋሽ ሳያልቅ፣ ቀጥታ ወደ አይጠየፍ። ጎረቤታችን ሼሁንም ለመንኳቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዳገቱን ግን ከሁላችንም ቀድመው ጨረሱት።

አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳጠና አድሬያለሁ። ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ እንደነበሩ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና እንደተነሡ፣ በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው እንደነገሡ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ዘምተው ጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ እንደተማረኩ፤ ሁሉንም አወረድኩት። እንግዶቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ሼሁ እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ስሙን ንገራቸውና ዝም በል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አይጠየፍ! ማንንም የማይጠየፍ፣ ሁሉ የሚበላበት ቤት። «አንድ ሠርግ ላይ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሥጋ ለየብቻ ታርዶ፣ ሰው አንድ ዳስ ውስጥ ሲበላ አላያችሁም? እንግዲህ ወሎ ይኼ ነው» አሏቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስልኮቹ ወደ ኪስ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ንግግሬን ቆረጥኩና ስሞቹን ማስገመት ጀመርኩ። ሸዋ በር? ወደ ሸዋ መውጫው በር። ቧንቧ ውሃ? ይኼንንማ ማን ይስታል። ፒያሳ? ጣሊያን ትቶት የሄደው ስም። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ጋ ስንደርስ ግን ሁሉም ዝም አለ። ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው አልኩ። ከእንግዶቹ አንዷ «እንዴ!» ብላ ቆመች። ለካ አዲስ አበባ እቴጌ መነን ነው የተማረችው። የትምህርት ቤቷን እናት ደሴ ላይ አገኘቻት። ፎቶ ሳትነሳ አልሄድም አለች፤ እኔ አስቤ ያላዘጋጀሁት ነገር የቀኑ ምርጥ ሆነ።

ያልተሳካልኝ ፒያሳ ነው። ህዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ይህን ሁሉ መንገድ ዳር ቆሜ ልተርክ ስሞክር ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ዋጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ስኒ ይዞ ነው የሚወራው። በሚቀጥለው እንደዚያ አደርጋለሁ።

የደሴ ሙዚየም ላይ ደግሞ ማውራት አላስፈለገም። በ2014 በጦርነቱ ከተዘረፉት ቦታዎች አንዱ ነው። አብራን የመጣችው እህቴ ያኔ ከቤት ተሰድደን እንዴት እንደወጣን ትንሽ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ዝም ብለን ወጣን።

ሁለት ሰዓት ይፈጃል ያልኩት አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። የአክስቴ ልጅ ስስ ጫማ አድርጋ መጥታ ተረከዟ ተልጧል፤ ሼሁ «አብሽሪ» እያሉ አስጨረሷት። ከሰዓት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ሸዋ በር ደርሰን ነበር። ሼሁ ወደ መስጊድ ሊገቡ ሲሉ ዘወር አሉና የሚቀጥለው ጉዞ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እርስዎ በሚመችዎት ቀን» አልኳቸው።

«ሰኞ ብቻ አይሁን» አሉና ገቡ።