የደቅ ሰንበቴ ቤት ጣሪያና ያንከራተተኝ ዓመተ ምሕረት

የሰንበቴ ቤት ጣሪያ ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ ቀድሜ ልንገራችሁ። ቆርቆሮው አያስቸግራችሁም። መከራ የሚያበላችሁ ወረቀቱ ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ቦታው ደቅ ነው፤ ከጣና ደሴቶች ትልቁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያው ስላለች ጎብኚው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚሮጠው። የእኛን ሰበካ ሰንበቴ ቤት ፎቶ የሚያነሳ የለም። የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን መደብ፣ መሀል ላይ ጭስ ያጠቆረው ምሰሶ። ይኸው ነው።

ሥራው ግን ብዙ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል። አባሉም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ የኔ ቢጤውም እዚያ ይቀምሳል። ተራውን የዘለለ መቀጫውን ይከፍላል። በድንበር የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። የክትባት ሰዎች ሲመጡ ሕፃናት የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ማዕበል ያስቀረው መንገደኛም መደቡ ላይ ያድራል። ደሴት ላይ ሌላ አዳራሽ ከየት ይመጣል?

ገንዘቡ አላስቸገረም። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉ የደሴቲቱ ልጆች አዋጡ። ሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይዞ ማኅተም መታ። አናጢም ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ከዚያ ለፈቃድ አንድ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም።

«ቤቱ መቼ ተሠራ?» አለኝ ሰውየው።

«የቆየ ነው።»

«ዓመተ ምሕረቱን ነው የጠየቅኩህ።»

ተመልሼ ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ። አንደኛው አባት «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው» አሉ። ሌላኛው «የለም፣ የፊተኛው ተቃጥሎ ነው ይኼ የተተካው» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ቤቱ ነበረ፤ እነሱም ፊደል የቆጠሩት እዚያው መደብ ላይ ነው። መሠረተ ትምህርት የተጀመረው በ1971 ነው። ስለዚህ «ከ1933 በኋላ፣ ከ1971 በፊት» ብዬ ጽፌ ወሰድኩ። ሰውየው አየውና «ይኼማ ግምት ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ይባስ ብሎ ሌላ ጣጣ አመጣ። ቤቱ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከጥገና በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱን ደግሞ የሚሰጡት እነሱ አይደሉም። ቅርስ ካልሆነ፣ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ። ወደ ሁለተኛው ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ አገላብጠው «እኛ ጋ የለም» አሉ። እሰየው፣ የለም ብላችሁ ጻፉልኝ አልኩ። «መዝገብ ላይ ለሌለ ነገር ደብዳቤ አንጽፍም!» አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሦስተኛው ቢሮ ደግሞ ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡን አስታወሰኝ። ዛፍ አልቆርጥ፣ ቆርቆሮ ነው የምቀይረው! ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና። በዚህ መሀል ክረምቱ ገባ። ሰንበቴው ጆንያ ተከናንቦ ይቀመጥ ጀመር።

ሕጉን አልጠላውም። የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ አጠገባችን ነው፤ ማንም እየተነሳ እንዲያፈርስ አልፈልግም። ግን የሚያፈርሰውንና የሚያፈሰውን ጣሪያ የሚደፍነውን እኩል ማንከራተት ምን ይባላል?

በመጨረሻ የገላገለኝ ማንም ያልጠየቀኝ ወረቀት ነው። የሽማግሌዎቹን ቃል ጻፍኩ፤ የሚፈርመው ፈረመ፣ የማይፈርመው አውራ ጣቱን አሳረፈ፣ ቀበሌው ማኅተም መታበት። የመጀመሪያው ቢሮ ጸሐፊ አንብባው «እንዲህ ያለ ካለህ ምን አደከመህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይሻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። የሽማግሌ ምስክርነት ሳትይዙ ቢሮ አትርገጡ። «ዕቃ የሚገዛው ከፈቃድ በኋላ ነው» ሲሏችሁም እሺ በሉና ቆርቆሮውን ግዙ። ቆርቆሮ ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ዋጋው ግን ፈቃድ አይጠብቅም። እኛ እስክንገዛ ድረስ ጨምሮ ጨምሮ ከእጃችን ላይ ምስማሩንና የሲሚንቶ ወለሉን በልቶታል። 32 ጌጅ ይበቃል የሚላችሁንም አትስሙ፤ የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። የሐይቁን ነፋስ የሚችለው 28 ነው።

ጭነቱ በማለዳ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ይነሳል። ቆርቆሮውን አጋድማችሁ ከነጠርዙ እሰሩት። አንዱ ጫፍ ቀና ካለ ነፋሱ እንደ ሸራ ይወጥረውና ጀልባዋን ያጋድላታል። የእኛ ጀልባ ነጂ ጭነቱ ላይ ራሱ ወጥቶ በእግሩ እየረገጠ ነው ገመዱን ያጠበቀው።

ጣሪያው አምሮበታል፣ ኮርቼበታለሁ። ያልወደድኩት አንድ ነገር ነው። አዲስ ቆርቆሮ አለ ተብሎ በሩ ላይ ቁልፍ ተገጠመ። ቤቱ ተቆልፎ አያውቅም ብዬ ብከራከርም በድምፅ ተሸነፍኩ። ቁልፉ ቄሰ ገበዙ ቤት ነው፤ ማታ ጀልባ ያመለጣችሁ እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ።