ደሴ ላይ ፊልም ለማሳየት ላሰባችሁ

ደሴ ላይ አዳራሽ ተከራይቼ የአማርኛ ፊልም አሳይቻለሁ። ስጀምር አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ቀላል ቀላሉን ላሳልፈው። ከባለፊልሙ ጋር በፐርሰንት ትስማማላችሁ። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ፖስተር ትለጥፋላችሁ። መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭናችሁ ታስነግራላችሁ።

መከራው ትኬቱ ነው። በ100 ብር አሳትሜ ማህተም ላስመታ የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በማግስቱም ስብሰባ። ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይታየኛል፣ የሚመታው ግን የለም። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል “ወንድሜ፣ ነገ ብቅ በል” ትለኛለች። እንደምንም ተመታልኝ ስል አዳራሹ ደግሞ ለጄኔሬተር ነዳጅ ጨምር አለ። ውል አለን ብል ማን ሰምቶኝ! ዋጋ ልቀይር ስል ትኬቱ እንደገና ታትሞ እንደገና ማህተም ይመታበት ተባለ። ቢሮው ይባስ ብሎ መከረኝ፦ “200 አድርገው፣ ሰው ይከፍላል።”

አይከፍልም። 150 ስናስገባው እንኳ ያየሁት አይረሳኝም። አራት ልጆች ትኬት መቁረጫው ጋ ቆመው ብራቸውን አዋጡ። ደጋግመው ቆጠሩት። ለሁለት ሰው ብቻ ይበቃል። አራቱም ተያይዘው ተመለሱ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወጪው መናሩን አልክድም። ብር ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው የፕሮጀክተር ዕቃ አይቀመስም። ግን ተመልካቹ ትኬቱን ብቻ አይደለም የሚያስበው። ማታ ከወጣ ባጃጅ ኮንትራት ይጠብቀዋል። ትንሽ ቢታገስ ደግሞ ብዙው የአማርኛ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። ታዲያ በምን እናምጣው? አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ ሲስቅ ያለው ደስታ ስልክ ላይ የለም። ለዚያ ሲል ይመጣል፣ አቅሙን ካልተፈታተንነው።

ስለዚህ ቢሮ የሚላችሁን ትታችሁ ዋጋውን ከተማሪ ኪስ ጀምሩ። የማታውን ተዉት፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሳዩ። የነዳጁን ነገር ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጣትም ይኑረው። አዳራሹ እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ። ትኬት የምታሳትሙት ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። እኔ ለሚቀጥለው ፊልም በቡድን ለሚመጡ ተማሪዎች ቅናሽ እንዲኖር ከባለፊልሙ ጋር ተስማምቻለሁ።