ዓይናፋር ሆኜ የመጀመሪያውን የግቢ ዓመት እንዴት እንደተወጣሁት

«ጨዋ ልጅ፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም» የሚባልለት ተማሪ ግቢ (ዩኒቨርሲቲ) ሲገባ ይኸው ምስጋና ዕዳ ይሆንበታል። ግሩፕ ሲመሠረት ይቀራል፤ ያልገባውን ሳይጠይቅ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ይደርሳል፤ የጎደለ ነጥቡን ሳያስተካክል የቅሬታ ቀን ያልፍበታል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይነቅዛል። እኔ ዓይናፋርነቱ እስኪለቀኝ አልጠበቅኩም። ሰው ፊት በምቆምበት ቦታ ሁሉ አንድ የሚሠራ ነገር ያዝኩ፤ የምናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አስቀድሜ አዘጋጀሁ። ዓይናፋር ሰው የሚቸገረው መጀመሩ ላይ ነው፤ ከተጀመረ ወዲያ ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ጊዜውን ማወቄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁሉም ሰው እንግዳ ነው። ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከወላይታም የመጣው እኩል ግራ ገብቶታል፤ ስም መጠየቅ ማንንም አያስገርምም። ከዚያ በኋላ አብሮ የሚበላው፣ አብሮ የሚያጠናው ይለያል። ያንኑ ጥያቄ በሁለተኛው ወር መጠየቅ እጥፍ ይከብዳል።

የጀመርኩት ከዶርም ነው። የጥሪ ማስታወቂያው አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ ያዙ ይላል፤ እኔ 2 ኪሎ ቆሎና አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጨመርኩበት። ዶርም ውስጥ ሶኬቱ ከስልኩ ቁጥር ያንሳል፤ ቻርጅ ሊያደርግ የሚመጣ ሰው ራሱ ወሬ ይጀምራል። ምድጃና ውኃ ማሞቂያ ግን አይሰካበትም፤ ይከለከላል፣ ገመዱም ይቀልጣል። ቆሎው ደግሞ «እንብላ» ለማለት ነው። በእኛ አገር ከ«እንብላ» የቀለለ የመተዋወቂያ ቃል አላውቅም። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሎከር ውስጥ ቆልፎ ብቻውን የሚበላ ልጅ ሳያስበው «ኩራተኛ» የሚል ስም ያተርፋል፤ ዓይናፋርነትና ኩራት ለሚያየው ሰው አንድ ይመስላሉ።

የግቢው ካፌ (የተማሪዎች መመገቢያ) ላይ ሰልፉንና ጫጫታውን ፈርተው ምግብ የሚዘሉ አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከባዶ ሆድ ድካም፣ ከድካም ከክላስ መቅረት ይከተላል። እኔ ከአንድ የዶርም ልጅ ጋር፣ ሰልፉ ትንሽ ሲቀል እገባለሁ፤ ወደ መዝጊያው ሲጠጋ ምግቡ ሊያልቅ ስለሚችል እስከዚያ አልቆይም። ብቻዬን ስሆን ሰዎች ወዳሉበት ጠረጴዛ ሄጄ «ሰው አለው?» ብዬ እቀመጣለሁ። ሁለት ቃል ይበቃል።

ክፍል ውስጥ ቦታዬ ሁለተኛው ረድፍ ነበር። ኋላ መቀመጥ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኋላ ሆኖ የሚናገር ሰው የክፍሉ አንገት ሁሉ ይዞርበታል። ከፊት ሲሆን የሚታየው መምህሩ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ፍርሃቱን እጥፍ ስለሚያደርገው ጥያቄዬን ሙሉውን ደብተር ላይ ጽፌ አነበዋለሁ። አንብቦ መጠየቅ ነውር የለውም። ያም ካቃተኝ ኮርስ አውትላይኑ (የትምህርቱ ዝርዝር ዕቅድ) ላይ የመምህሩ የቢሮ ቁጥርና የማማከሪያ ሰዓት ተጽፎ ይገኛልና፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር ሆኜ ቢሮ እሄዳለሁ። «ምዕራፍ 2 አልገባኝም» የሚል ጥያቄ መምህሩንም ያስቸግራል። «ምዕራፍ 2፣ ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ከዚህ መስመር ወደዚህ እንዴት እንደተሄደ አልገባኝም» ሲባል ግን መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ንግግሩም ያጥራል።

የጥናት ቡድን ለዓይናፋር ሰው መድኃኒት የሚሆነው የእያንዳንዱ ድርሻ ሲታወቅ ነው። የፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት) ሎጂክ ኮርስን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ኢንፎርማል ፋላሲዎቹ (በክርክር ይዘት ውስጥ የሚገኙ የአመክንዮ ስሕተቶች) 22 ናቸው፣ በአምስት ምድብ። የመጀመሪያው ምድብ 8፣ ሁለተኛው 6፣ ሦስተኛው 4፣ የቀሩት ሁለቱ ሁለት ሁለት ይይዛሉ። አምስት ሰዎች ምድብ ምድብ ቢከፋፈሉ አንዱ 8፣ ሌላው 2 ይደርሰዋል፤ ከዚያ 8 የደረሰው ከጥናቱ ይቀራል። እኛ ትልቁን ምድብ ለሁለት ሰው ከፈልነው፣ ትንንሾቹን ሁለቱን ለአንድ ሰው ሰጠናቸው፦ 4፣ 4፣ 6፣ 4፣ 4። እያንዳንዱ ድርሻውን ከግቢ ሕይወት በተወሰደ ምሳሌ ያስረዳል፤ ለምሳሌ «ነጥብ ካልጨመሩልኝ እናቴ ታዝናለች» ማለት አፒል ቱ ፒቲ (በማስረጃ ፈንታ አዘኔታን በመቀስቀስ ማሳመን) ነው። ተራው ሲደርስ ሁሉም መናገሩ ግድ ስለሆነ «ልናገር ወይስ ልተው» የሚለው ጭንቀት አይኖርም።

የግሩፕ አሳይመንት አንድ ወጥመድ አለው። ዓይናፋሩ «እኔ እጽፋለሁ» ብሎ ሥራውን ሁሉ ይሸከማል፤ ፕረዘንቴሽኑን ሌሎች ያቀርባሉ፤ ነጥቡ በአቀራረብ ሲሰጥ የደከመው ያነሰ ያገኛል። እኔ ሁልጊዜ መግቢያውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ፍርሃት የሚያድገው ተራ ሲጠበቅ ነው፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ አይጠብቅም። የ2 ደቂቃ መግቢያ በቃል ይያዛል። ሦስት ጊዜ እለማመዳለሁ፦ መጀመሪያ ማታ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ለአንድ የዶርም ልጅ፣ መጨረሻ ለግሩፑ። ማስታወሻዬን የምጽፈው በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው፤ ስስ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል፣ ካርቶን ይደብቀዋል። በጭንቅላት ብቻ መለማመድ ግን አይጠቅምም፤ ድምፅ ያልወጣበት ልምምድ ምላስን አያፍታታም።

ቢሮዎች ጋ ጽሑፍ የዓይናፋር ሰው ጉልበት ነው። ሪጅስትራር መስኮት ላይ ከኋላ ሰልፍ እየገፋ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ አጭር ማመልከቻ ይዤ እሄዳለሁ፦ ቀን፣ «ጉዳዩ»፣ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሴክሽን፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጥያቄው፣ ፊርማ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት እጠይቃለሁ፤ «አልደረሰንም» ቢባል ማስረጃ ነው። የነጥብ ቅሬታ የጊዜ ገደብ ስላለው ውጤት በተለጠፈ ማግስት መሄድ ይሻላል።

ከክፍል ውጭ አንድ ስብስብ መርጦ በየሳምንቱ መገኘት ይበቃል፦ ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ፣ ፌሎሺፕ ወይም የቀይ መስቀል ክበብ። ሦስት ቦታ የተመዘገበ ሰው አንዱም ጋ ፊቱ አይለመድም። ቀድሞ ሄዶ ወንበር መደርደር ጥሩ መግቢያ ነው፤ በሥራ መካከል ወሬ ራሱ ይመጣል።

ሁሉም ነገር ግን ዓይናፋርነት አይደለም። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ከአልጋ ወርዶ ክላስ መሄድ ካቃተ የግቢው ክሊኒክ ወይም የተማሪዎች ዲን ቢሮ ስር ያለው የምክር አገልግሎት ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮም አለ። አፍ ካልተፈታ ችግሩን በወረቀት ጽፎ መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሴክሽን ሊቀያየር ይችላል፤ እንደገና የማይታወቁ ፊቶች ይመጣሉ። የሁለት ሳምንቱን ሥራ ከመጀመሪያው ደገምኩት፣ ከቤት ስመለስም ቆሎውን 3 ኪሎ አደረግኩት።